ይሉኝታ በ4,000 ሜትር ላይ

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አራት ሰዎች በአንድ መኪና ሆነን ከኦሮራ ተነሣን፡፡ ኦሮራ የዴንቨር ጎረቤት ናት፤ የእኛው ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ስትሆን እኔም ይህን ዓምድ የምጽፈው ከዚያው ነው፡፡ የጉዟችን ዓላማ ኳንደሪ የሚባለውን ተራራ በስኪ ወጥቶ በስኪ መውረድ ነበር፡፡ በዋዜማው ማታ ቡና ላይ ላገኘኋቸው ሰዎች ዕቅዳችንን ብነግራቸው አንዱ «ሰው የሚሰደደው ኑሮ ለማሻሻል እንጂ በረዶ ውስጥ ለመቀበር ነው እንዴ?» አለኝ፡፡ ሌላው ደግሞ «ሐበሻና በረዶ ምንና ምን ናቸው?» ብሎ ሳቀብኝ፡፡

ለሁለተኛው መልስ ነበረኝ፡፡ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል፤ በ2010ም በቫንኩቨር ደግሞታል፡፡ ለመጀመሪያው ሰውዬ ግን የሚረባ መልስ አላገኘሁለትም፡፡

ከአራታችን ሦስታችን የቆየን ወዳጆች ነን፡፡ አንዷ ሐኪም ናት፤ አንዱ የመንገድ ኢንጂነር ነው፤ ሦስተኛው ሕግ ተምሮ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው እኔ ነኝ፡፡ ሦስታችንም ሃምሳን ተሻግረናል፡፡ አራተኛው የሐኪሟ የእህት ልጅ ነው፤ ዕድሜው 24፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ፡፡ ጉልበቱ ከሦስታችን ድምር ይበልጣል፡፡ እኔን «ጋሼ» ይለኛል፡፡ «አንተ በለኝ» ብዬ ስለምነው «እሺ» ይልና ወዲያው «እርስዎ» ይለኛል፡፡ ይህችን «እርስዎ» አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ፡፡

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ላስረዳ፡፡ ብዙ ሰው ስኪ ሲባል የሚያስበው በገመድ በሚጎተት ወንበር ተራራ ላይ ወጥቶ በተደለደለ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተትን ነው፡፡ እኛ የምንሄድበት ሌላ ነው፤ ወንበርም ገመድም የለም፣ በረዶውን የሚደለድል መኪናም ሆነ ጠባቂ የለም፡፡ የወረዱትን ያህል ቀድመው በእግርዎ ይወጡታል፡፡ በስኪ ዳገት እንዴት ይወጣል? ምስጢሩ ከስኪው ሥር በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፀጉራም ጨርቅ ነው፡፡ የቁርበትን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፡፡ ቁርበትን ፀጉሩ ወደተኛበት ሲዳስሱት ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው ሲዳስሱት ይይዛል፡፡ እግርዎን ወደፊት ሲገፉ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ወደኋላ ሊሸሽብዎ ሲል ፀጉሩ በረዶውን ነክሶ ያስቀርዎታል፡፡ ድሮ ከባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከፍየል ፀጉር ወይም ከናይለን ነው፡፡ የጫማው ተረከዝ ሽቅብ ሲሄዱ ነፃ ይሆናል፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ልጠው፣ ተረከዝዎን ቆልፈው ይወርዳሉ፡፡ አምስት ሰዓት ተወጥቶ አንድ ሰዓት ይወረዳል፡፡ የዚህን ሒሳብ ጥቅም አትጠይቁኝ፡፡

ኳንደሪ ከፍታው 4,350 ሜትር ያህል ነው፤ ከራስ ደጀን 200 ሜትር ገደማ ያንሳል፡፡ የእንግሊዝኛ ስሙ «ግራ መጋባት» እንደ ማለት ነው፤ የጥንት ማዕድን ፈላጊዎች ከላዩ ያገኙትን ድንጋይ ምንነት መለየት ስላቃታቸው እንዲህ ተባለ ይባላል፡፡ የምሥራቁ ጀርባው ለክረምት ጉዞ ከኮሎራዶ ረጃጅም ተራሮች ሁሉ የዋሁ ነው የሚባልለት፣ አብዛኛው ገጽ ዘንበል ያለ እንጂ ገደላማ ስላልሆነ ነው፡፡ ግራና ቀኙ ግን እንዲያ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ ስለ ናዳ ማውራት ግድ ይላል፡፡ እኛ ለሁሉም «በረዶ» የሚል አንድ ቃል ነው ያለን፤ ከሰማይ ጣራ የሚደበድበውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም፣ ተራራ ላይ እንደ ጥጥ የሚከመረውም በረዶ ነው፡፡ የተራራው በረዶ ግን ብዙ ዓይነት ነው፡፡ የኮሎራዶው ስስ ሲሆን ሌሊቱም ጥርት ያለና እጅግ ቀዝቃዛ ነው፡፡ ከበረዶው ሥር ያለው መሬት በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ ላይኛው ገጽ ከዜሮ በታች 20 ሊደርስ ይችላል፡፡ በዚህ የሙቀት ልዩነት የተነሣ ተን ከታች ወደ ላይ በበረዶው ውስጥ ይጓዛል፤ በጊዜ ብዛትም የሥረኛውን በረዶ እርስ በርሱ ወደማይያያዝ፣ ስኳር ወደመሰለ ፍርፋሪ ይለውጠዋል፡፡ በኋላ ንፋስና አዲስ በረዶ ከላይ ጠንካራ ሳንቃ ይጭኑበታል፡፡ በአዘቅዛቃ ወለል ላይ ጤፍ ደፍቶ፣ በጤፉ ላይ ሳንቃ አጋድሞ፣ በሳንቃው ላይ መራመድ ማለት ነው፡፡ ሳንቃው ሳምንትም ወርም ባለበት ሊቆይ ይችላል፡፡ አንድ ሰው ደካማው ቦታ ላይ ሲረግጠው ግን ከሥር «ዉፍ» የሚል ድምፅ ይሰማና ስንጥቁ በዓይን ጥቅሻ ይሮጣል፡፡ ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ ተራራው አብሮ ይወርዳል፡፡

ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዕቃ ይይዛል፡፡ በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ ያስራል፤ አካፋና ረጅም መወጊያ ዘንግ በቦርሳው ይይዛል፡፡ ጓደኛህ ቢቀበር አንተ ነህ የምታወጣው፤ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ጊዜ የለም፡፡ በበረዶ የተቀበሩ ሰዎችን የመዘገበው የስዊዘርላንድ ጥናት ቀድሞ በ18 ደቂቃ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ በሕይወት ይወጣሉ ይል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው አዲስ ስሌት ያ ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አጥሯል፤ በ30 ደቂቃ ላይ በሕይወት የሚገኙት ከሦስቱ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፡፡ በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2020/21 ክረምት ብቻ 12 ሰዎች በናዳ ሞተዋል፡፡

መረጃ ጠፍቶ አይደለም፡፡ የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ለየአካባቢው አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጥቶ ያወጣል፡፡ ብዙ ሰው የሚሞተው 4 ወይም 5 በተባለበት ቀን ይመስላችሁ ይሆናል፡፡ በብዛት የሚሞተው 3 በተባለ ቀን ነው፤ 5 ሲባል ሰው ቤቱ ይውላል፣ 3 ሲባል ግን ይደራደራል፡፡ በናዳ ከተያዙት ውስጥም ከመቶ 90 ያህሉን የያዛቸውን ናዳ የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የነበረ ሰው ነው፡፡

ኢያን መካሞን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር፡፡ ሰዎቹ ስለ በረዶ ባለማወቃቸው ብቻ አልሞቱም፤ ብዙዎቹ ሥልጠና ነበራቸው፣ ምልክቱም ዓይናቸው ላይ ነበር፡፡ ያጠመዷቸው ሰዋዊ ነገሮች ናቸው፡፡ ቦታውን ስለለመዱት፣ አንዴ ጀምረው መመለስ ስላስጠላቸው፣ ከመሐላቸው «አዋቂ» የተባለ ስለነበረ፣ በጓደኛ ዓይን ላለማነስ፡፡ ጥናቱን ሳነብ የአብዛኛው ነገር የአማርኛ ስም ይሉኝታ እንደሆነ ታየኝ፡፡

ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2012 በዋሽንግተን ግዛት፣ ስቲቨንስ ፓስ ከሚባለው የስኪ ማዕከል ክልል ውጭ የደረሰው ነው፡፡ 16 ሰዎች ተሰባስበው ተነል ክሪክ ወደሚባለው ቁልቁለት ወረዱ፡፡ ከመሐላቸው አንቱ የተባሉ ባለሙያዎች፣ ተወዳዳሪዎችና ስለ ስኪ የሚጽፉ ጋዜጠኞች ነበሩ፡፡ ሦስቱ ሞቱ፡፡ ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ያወጣውና የ2013ን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ዘገባ እንደሚያሳየው፣ ከተረፉት በርከት ያሉት ቡድኑ በዝቷል የሚል ሥጋት በልባቸው ነበር፡፡ ግን ይህን ሁሉ አዋቂ እኔ ማን ነኝ ብዬ ላስቁም? ሁሉም እንዲህ እያለ ወረደ፡፡

የሕግ ሰው ስለሆንኩ ከዚህ በኋላ ወደ ኃላፊነት ጥያቄ መሄዴ አይቀርም፤ አሳጥረዋለሁ፡፡ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የስኪ ደኅንነት ሕግ አላት፤ ስኪ የሚሸራተት ሰው ከስፖርቱ ጋር አብረው የሚመጡትን አደጋዎች ወዶ እንደተቀበለ ይቆጠራል፡፡ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ባሏን በናዳ ያጣች ሴት ባቀረበችው ክስ ላይ፣ ናዳው በስኪ ማዕከሉ አጥር ውስጥ ቢወርድ እንኳ ከእነዚሁ አደጋዎች አንዱ ነው ብሎ ወስኗል፡፡ አጥር ውስጥ ትኬት ለገዛ ሰው ይህ ከሆነ፣ ከአጥር ውጭ የምንሄደው ማንን እንከሳለን? የተገላቢጦሹም ደርሷል፡፡ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሁለት ሰዎች ከአይዘንሃወር ዋሻ በላይ ናዳ ቀሰቀሱ፤ ማንም ባይጎዳም «በቸልተኝነት ሌሎችን ለአደጋ ማጋለጥ» በሚል ተከሰሱ፡፡ ከማስረጃው አንዱ ራሳቸው በፈቃዳቸው ለናዳ ማዕከሉ የሰጡት ቪዲዮ ነበር፡፡ ብዙ ባለሙያዎች «እንዲህ ከሆነ ነገ ማን አየሁ ይላል?» ብለው ሠጉ፡፡ ሰውን ዝም የሚያሰኘው ባህል ብቻ አይደለም ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ወደ እኛ ጉዞ ልመለስ፡፡ ይህን ሁሉ እናውቃለን፡፡ ስለምናውቅም ደንብ አለን፤ በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው፡፡ በተራራ ላይ የድምፅ ብልጫ አይሠራም፤ ከመሐል አንድ ሰው «አልፈልግም» ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ሁሉም ይመለሳል፡፡ እያንዳንዱ ሰው ቬቶ አለው፡፡ ጸጥታው ምክር ቤት አምስት ብቻ ናቸው፤ እኛ ግን አራታችንም ቋሚ አባላት ነን እያልኩ እቀልዳለሁ፡፡ ቀልዱን መኪና ውስጥም ደገምኩት፡፡

ደንቡ ሲሠራም በዓይናችን አይተነዋል፡፡ በዋዜማው ኢንጂነሩ በመውረጃው ላይ ከጀርባው ወደ ሰሜን ተጥፈን ማንም ያልረገጠውን ገደላማ በረዶ እንውረድ የሚል ሐሳብ አመጣ፡፡ ካርታ ዘረጋ፣ ዲግሪ ቆጠረ፣ ንፋሱን ተነተነ፡፡ ሐኪሟ ሰምታ ሰምታ «አልወደድኩትም» አለች፡፡ «ለምን?» «አልወደድኩትማ!» አለቀ፡፡ ኢንጂነሩ ካርታውን አጠፈ፡፡ በልቤ ደንባችን እንዴት ያለ ግሩም ነው አልኩ፡፡

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ 3,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው መኪና ማቆሚያ መሣሪያዎቻችንን ፈትሸን ወደ ጥዱ ደን ገባን፡፡ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ነበር፤ ደኑ ውስጥ ግን ንፋስ የለምና አልከበደም፡፡ የስኪው ሽርሽርታና የራስ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፡፡ ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሄድን፡፡ ሰዎች ይህን ሥራ ለምን እንደሚወዱት ማስረዳት ቢኖርብኝ ስለ ጫፉ አላወራም፤ ስለነዚህ ሁለት ሰዓታት ነው የማወራው፡፡

ዛፎቹ የሚያልቁበት ጋ ስንደርስ የግራ ስኪዬ ጨርቅ ተላቀቀ፡፡ ማጣበቂያው በረዶ ገብቶበት አልይዝ አለ፡፡ እኔ ጎንበስ ብዬ ከመታገሌ በፊት ልጁ ደርሶ «ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ተንበረከከ፡፡ ወፍራም ጓንቱን አውልቆ በረዶውን በጥፍሩ ፋቀ፣ ጨርቁን በልብሱ አሻሸ፣ መልሶ ለጠፈልኝ፡፡ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፡፡ «ተባረክ» አልኩት፡፡ ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ጀርባ ነው፤ ንፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፡፡ በዚያ ብርድ ላይ ይህ ንፋስ ሲታከልበት ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 32 ያህል ሲሆን፣ የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊበላ ይችላል፡፡

ከረፋዱ 5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሜዳ ደረስን፡፡ ከዚያ የቀረው አንድ ዳገት ነው፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፡፡ ሰማዩ ጥርት ብሏል፡፡ ኳንደሪን ስሞክር ሦስተኛዬ ነበር፤ አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ ንፋስ መልሶኛል፡፡ ይህንንም መኪና ውስጥ ለሁሉም አውርቻለሁ፡፡ ዞር አልኩና «ሁላችንም ደህና ነን አይደል? እንቀጥል!» አልኩ፡፡

የዚህን ዓረፍተ ነገር አሠራር አሁን ስመለከተው ያሳፍረኛል፡፡ ፍርድ ቤት ብሆን ምስክርን የሚመራ ጥያቄ ብዬ የምቃወመው ነው፡፡ ኢንጂነሩ «እንቀጥል» አለ፡፡ ሐኪሟ ኮፍያዋን እያጠበቀች ራሷን ነቀነቀች፡፡ ልጁ «እኔ ደህና ነኝ ጋሼ፣ ለእኔ አታስቡ» አለ፡፡ ከፔርሙሱ ሻይ ሊቀዳልኝ ክዳኑን ያዘ፡፡ ክዳኑ አልዞር አለው፡፡ እንደገና ሞከረ፤ ፔርሙሱ ከእጁ ወድቆ ቁልቁል ተንከባለለ፡፡ ከሁላችን ቀድማ ያየችው አክስቱ ናት፡፡ ሄደች፣ ምንም ሳትናገር ጓንቱን ሳበችው፡፡ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው እንደ ሻማ ነጥቶ ነበር፡፡ ጫን ስትላቸው ምንም አይሰማውም፡፡

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዝም አለ፡፡

«ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩህ!»

«ከዛፎቹ ከወጣን ጀምሮ፡፡»

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፡፡ ኮቷን ከፍታ እጁን ብብቷ ውስጥ ከተተች፡፡ እኔ እንደ አገር ቤቱ ላሻሽለት ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ፤ በብርድ የተበላ ጣት አይታሽም፣ ያ ሥጋውን የባሰ ይጎዳዋል፡፡ ቀስ ብሎ በሰው ገላ ነው የሚሞቀው፤ ዳግም እንዳይበርደውም መጠበቅ አለበት፡፡ ስለዚህ ወደ ጫፍ መሄድ ቀርቶ ቶሎ መውረድ ነበረብን፡፡ ወረድን፡፡ በረዶው በንፋስ የደረቀ፣ የተጎረበጠ ነበር፤ ያን ቀን ስኪው ራሱ ምንም ደስ አይልም፡፡

መኪናው ጋ ደርሰን ሙቀቱን ከፍተን ስንቀመጥ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፡፡ ጣቶቹ መሰማት ጀምረው ነበርና ሕመሙ ፊቱን ያኮማትረዋል፡፡ «ሦስተኛዎ ነው ብለውኝ! በእኔ የተነሣ ይመለሱ?» አለኝ፡፡ አክስቱ ከፊት ወንበር ሆና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፡፡

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጣቶቹ ቆዳ ተልጦ ወደቀ፤ ጣቶቹ ድነዋል፡፡ ዛሬም ብርድ ሲነካቸው ከሌሎቹ ቀድመው ይደነዝዛሉ ይላል፡፡ እኔ ግን ለብዙ ቀን ከራሴ ላይ ያልወረደው ደንባችን ነበር፡፡ በወረቀት ላይ አራታችንም እኩል ቬቶ ነበረን፡፡ ሐኪሟ «አልወደድኩትም» ስትል የሠራው መብት የልጁ አፍ ላይ ሲደርስ ምነው ሳይሠራ ቀረ? እሷ ከኢንጂነሩ ጋር ለሃያ ዓመታት ስትከራከር ኖራለች፤ ልጁ ግን እኔን «አንተ» ለማለት እንኳ አልደፈረም፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት መብት መኖሩና መብትን መጠቀም መቻሉ የተለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት በሌላ ርዕስ ሥር ነበር፡፡ በዚያ ላይ ጫማዬ ሥር ተንበርክኮ ጣቱን ያስበላው ለእኔው ጨርቅ ሲል ነው፡፡

መፍትሔውን ከውጭ መጽሐፍ አላመጣሁትም፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሚሰየሙበት በቀድሞው የዙፋን ችሎት፣ በቦታው ያሉት ሰዎች ፍርዳቸውን የሚናገሩት ከዝቅተኛው ማዕረግ ጀምረው ወደ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው፡፡ በጥንቱ የአይሁድ ሸንጎም በሞት ፍርድ ክርክር ታናናሾቹ ቀድመው ይናገሩ ነበር፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ አንዴ ከተናገረ ትንሹ የሚለው ነገር ያልቅበታል፡፡ አያቶቻችን ይሉኝታን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ አሠራር አበጁለት፤ እኛ ደግሞ የሚያምር ቬቶ ጽፈን ይሉኝታውን በቦታው ተውነው፡፡

አሁን በየአንድ ሰዓቱ እንቆማለን፡፡ መጀመሪያ የሚናገረው ልጁ ነው፤ እኔ መጨረሻ፡፡ ጥያቄውም «ደህና ነን አይደል?» መሆኑ ቀርቶ «ጣትህ እንዴት ነው? እግርህስ? ምን አላማረህም?» ሆኗል፡፡ መጀመሪያ ላይ አስቆን ነበር፤ አራት ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ችሎት ሲያስችል፡፡

በመጋቢት መጨረሻ ወደ ኳንደሪ ተመለስን፡፡ ከዛፎቹ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ቆምን፡፡ ልጁ ወደ ላይ አየ፤ ከጀርባው ላይ የሚበነውን በረዶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፡፡ «እኔ ይህን ንፋስ አልወደድኩትም» አለ፡፡ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፡፡ ኢንጂነሩ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ እየወረድን ግን እስከ ደኑ መሐል ድረስ ሲያጉረመርም ነበር፡፡ መኪናችን ጋ ዕቃ ስንጭን ሁለት ወጣት ፈረንጆች ከኋላችን ደረሱ፡፡ ጫፍ ድረስ ወጥተው፣ ንፋሱም ከፍ ሲሉ ጋብ ብሎላቸው፣ ፊታቸው ፀሐይ መትቶት እየሳቁ ነው የመጡት፡፡ ልጁ እነሱን አየና ወደ እኔ ዞረ፡፡

«ሻይ አለ?» አልኩት፡፡

አዲሱን ፔርሙስ ከፍቶ ቀዳልኝ፡፡ የኳንደሪን ጫፍ እስካሁን አላየሁትም፡፡